ይድረስ፦ ከጎኔ ወንበር ለማይጠፉት ጋሼ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አገጬ ላይ ከወጣው ሽፍታና ከእርስዎ አስተያየት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ፀጉር ቤት በመጣሁ ቁጥር እርስዎ አሉ። ባለፈው ልጁ ፊቴን በሙቅ ፎጣ ጠቅልሎ ስክራቡን ሲከፍት ስልክዎን ዝቅ አደረጉና "ወንድ ልጅም ፊቱን መቀባባት ጀመረ? ወይ ስምንተኛው ሺህ!" አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ፎጣው አፌን ስለያዘው መመለስ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ።

ጋሼ፣ ሞልቶኝ እኮ አይደለም። ከርዳዳ ጺም ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል። የእርስዎ መድኃኒት አልኮል ነው። "ርጭ አርግበት፣ ወንድ አይደል?" እሺ፣ እኔ ቻልኩት፤ እንባዬ ግን አልቻለም። የፀሐይ መከላከያ ስቀባም "ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?" አሉኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፀሐይዋ "ይሄስ ወንድ ነው፣ ልለፈው" ስትል አላየሁም።

ደግሞ "የድሮ ወንድ" ይላሉ። የቱን ነው? ከራስዎ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ዐፄ ቴዎድሮስን ከሆነ፣ ቀና ብለው ይዩዋቸው፤ ሹሩባ ተሠርተዋል። እኔ እንደሳቸው ተሠርቼ ብመጣ ገና ከበሩ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የአፋር ጎበዝም ጊሌውን፣ ያን ጩቤውን፣ ታጥቆ፣ ፀጉሩን ጠቅልሎ ቅቤ ይቀባዋል። እስቲ ሄደው "ወንድ አይደለህም" ይበሉት። (እኔ ግን አብሬዎት አልሄድም።)

ከዚያ ተራዎ ደረሰ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ልጁን ወደ ጆሮዎ ሳብ አድርገው "ያቺን ነገር" አሉት። ልጁም ያቺን ነገር በትንሽ ሳህን በጥብጦ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጺምዎን ይለቀልቅልዎት ጀመር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አገጭዎን ቀና አድርገው፣ ሳይስቁ፣ ሳይናገሩ፣ ለቬሎ ልክ እንደምትለካ ሙሽራ ተቀመጡ። ፀጉር ቤቱ እንደዚያ ቀን ሰላም አግኝቶ አያውቅም። ከነሽበትዎ ሲገቡ ስልሳ ዓመት ነበርዎት፤ ሲወጡ ጺምዎ ሃያ አምስት፣ ግንባርዎ ስልሳ። እኔ የተቀባሁት መዋቢያ ከሆነ የእርስዎ ምንድን ነው፣ የቤት ቀለም?

ለማሳጣት አይደለም፣ አምሮብዎታል። ብቻ ከግራ ጆሮዎ ሥር እስከ ኮሌታዎ የወረደች አንዲት ጥቁር መስመር አለች፣ ማንም አልነገረዎትም መሰለኝ። ኮሌታውን እንጃ፣ ቆዳውን ግን ሳይቆይ በቅባት ቢያሹት ይለቅልዎታል። ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ። እንደ "ያቺ ነገር" ቀስ ብለው ይጠይቁኝ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አቀብልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ባለ ፎጣው