የዋዜማ ደኅንነት

ባለፈው ሳምንት አንድ የማውቃቸው ባለ ድርጅት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰው የሞተ መስሎኝ ብድግ አልሁ። «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣብናል፤ የሥራ ደኅንነት መመሪያ ካለህ አውሰኝ፤ ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ» አሉኝ።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። እኔማ ከዚያ ምሽት ወዲህ አክብሮቴ ጨምሯል። ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ ሥራ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው እንዴት አይመሰገን? ግድግዳው ከነስንጥቁ ይቀባል። የእሳት ማጥፊያው የግፊት መለኪያ ቀስት ከአረንጓዴው ክልል ከወጣ ቢቆይም አቧራው ይወለወላል። በሥልጠና መዝገቡ ላይ የሦስት ዓመት ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ከእራት በፊት ይሞላል። ከሠልጣኞቹ አንዱ በዚያ ቀን ገና አልተቀጠረም ነበር። ሳይቀጠር የሠለጠነ ሠራተኛ! እንዲህ ያለ ትጋት ከወዴት ይገኛል?

ከሁሉ የማደንቀው ግን የሄልሜቶቹን ጉዞ ነው። ሠራተኛው 60፣ ሄልሜቱ 12 ነው። የዋህ ቢሆን 48 ሄልሜት ይገዛል፤ ብልህ ያሉትን ያሯሩጣል። ተቆጣጣሪው ብየዳ ክፍል ሲገባ 12 ራሶች ሄልሜት ደፍተው ተሰልፈዋል፤ የቀሩት «ምሳ ላይ» ናቸው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ «እስቲ ይህንንም ፖስተር ይመልከቱልን» እያሉ እንግዳቸውን ሲያዘገዩ ሄልሜቶቹ በጆንያ ታጭቀው በጓሮ በኩል ወደ እንጨት ሥራ ክፍል ይበራሉ። ፖስተሩ ሲያልቅ ሌላ ፖስተር አለ። ከእንጨት ሥራ ወደ ማሸጊያ፣ ከማሸጊያ ወደ መጋዘን። መጋዘን ሲደርሱ ከውስጥ በላብ ርሰዋል፤ ማሰሪያውን ለማስተካከል ጊዜ ስለሌለ ባለ ትልቅ ራሱ ላይ ቂብ ይላሉ፣ የባለ ትንሹን ዐይን ይሸፍናሉ። ጆንያውን ተሸክሞ የሚሮጠው ልጅ ደግሞ ራሱ ባዶ ነው። ደረጃው ላይ አዳልጦት ጭንቅላቱ ተፈነከተ። 12 ሄልሜት ተሸክሞ! ፋሻ ሲፈለግ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ለተቆጣጣሪው የተደረደረው እንዳይበላሽ።

የአደጋ ጊዜ መውጫውንም አይቼዋለሁ። ጽሑፉ በጨለማ ያበራል። በሩ ግን ይቆለፋል፤ «ሠራተኛው ዕቃ እንዳያወጣ» ተብሎ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ያኔም የተሰጠው ምክንያት ስርቆት ነው። 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከመስኮት ዘለው የሞቱም ብዙ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶም ሰው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከት አለ፤ ደግሞም ሌላውን ሌባ ይላል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወዳጄን በጣም ያስቀየማቸው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1947 ስምምነት ነው፤ ቁጥሩ 81። ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ቁጥጥር ወደሚመለከተው የሥራ ቦታ መግባት ይችላል ይላል። «ጨዋ ሰው ሳይደውል ይመጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሄልሜት በጆንያ እስኪታጨቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ይባስ ብሎ ሠራተኛን ለብቻው ማነጋገርም ይፈቅዳል።

ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው አሉ። ተቆጣጣሪው አንዱን የእንጨት ሠራተኛ ገለል አድርጎ «ሄልሜቱ ይመችሃል?» ሲለው፣ ሰውዬው አውልቆ ዘረጋለት።

«ይመቸኛል ጌታዬ፤ ግን ቶሎ ይልቀቁኝ፣ ማሸጊያ ክፍል እየጠበቁት ነው።»