ማስተካከያ፦ ስለ አስተዳደር ወጪ የጻፍኩት ስሌት

ባለፈው ጽሑፌ በደሴ ዙሪያ እርከን የሚሠራና ችግኝ የሚያፈላ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት «ለአስተዳደር ከሚፈቀደው በላይ ያወጣል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ስሕተቱ የመለኪያው ነው። የተጠቀምኩት በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የነበረውን «ሰባ ሠላሳ» (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ነው፤ እሱ ግን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። አሁን የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ነው። «ታዲያ ጠበበ እንጂ መቼ ሰፋ?» የሚል አይጠፋም። ቁጥሩ ጠቧል፤ ትርጉሙ ግን ላልቷል። በቀድሞው አሠራር የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር አስተዳደር ተብሎ ይያዝ ነበር፤ አሁን አስተዳደር የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይያያዘው ነው። እኔ የችግኝ ጣቢያ ዘበኞችን ደመወዝና ችግኙን ዳገት ያወጣውን መኪና ነዳጅ ከቢሮ ኪራይ ጋር ደምሬ ነው የከሰስኳቸው። እነዚህን ሳወጣ ድርጅቱ ከጣሪያው በታች ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንዱን ትችቴን ግን አላነሣም። ሪፖርታቸው ሐምሌ ላይ የተተከለውን ይቆጥራል እንጂ በጋውንና የፍየሉን ጥርስ አልፎ ግንቦት ላይ የቆመውን አይነግረንም። የውጭ ኦዲተሩም ያየው ደረሰኙን ነው፤ ዳገቱን አልወጣም። የግንቦቱን ቆጠራ ሲሰጡኝ እሱንም እዚሁ አወጣዋለሁ።