ያሮስላቭ «የጸደይ ክብር» ማለት አይደለም
ስለ ቼክ ስሞች በወጣው ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው ያሮስላቭ የሚለውን ስም «የጸደይ ክብር» ብለው መተርጎማቸው ስህተት ነው። በዛሬው ቼክኛ «ያሮ» ጸደይ መሆኑ እውነት ነው፤ ስሙ ውስጥ ያለው ግን ብርቱ፣ ኃይለኛ የሚል ፍቺ ያለው የጥንት የስላቮች ቃል ነው። «ስላቭ» ክብር፣ ዝና ነው። ቫትስላቭም (እኛ ቫክላቭ እያልን የምንጽፈው) «ክብሩ የላቀ» ማለት ነው። በጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት የቼኮች ስም «እንደኛ ትርጉም የለውም» ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ ቦህዳንን ተመልከት፦ «እግዚአብሔር የሰጠው»። ቦሁሚል «በእግዚአብሔር የተወደደ»፣ ሉድሚላ «በሕዝብ የተወደደች»። ፕራግ በተማርኩባቸው ዓመታት በጣም የወደድኩላቸው ደግሞ የስም ቀናቸውን ነው። የቀን መቁጠሪያቸው ላይ ከሞላ ጎደል በየቀኑ ስም ተጽፏል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ቀኑን ያከብራል። የአከራዬ የስም ቀን ሲደርስ ጎረቤቶቿ በወረቀት የተጠቀለለ አበባ ይዘው በሩን ያንኳኩ ነበር፤ እሷም ቡና አፍልታ፣ ኬክ ቆርሳ ትጠብቃቸዋለች። ዪርዢ የሚሉት የእኛው ጊዮርጊስ ነው፤ ቀኑን እነሱ ኤፕሪል 24፣ እኛ ሚያዝያ 23 እናከብረዋለን፤ በመካከሉ ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።