ማስተካከያ፦ ለመቅደላ ጠመንጃ የሚሆነው ቃታ የትኛው ነው?

ለመድረክና ለዐውደ ርእይ የጠመንጃ ቅጂ ለሚሠሩ ተብሎ ከደሴ የወጣ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰው እጅ ዞሯል። «የቴዎድሮስ ወታደር ነፍጥ ባለ ባልጩት ነበር፤ ቃታውም እንደዚያው ይመረጥ» ይላል። ቃታ እዚህ ላይ መዶሻውን ይዞ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል ነው። ይህ ትክክል አይደለም።

ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመቱ መኮንኖችና ጋዜጠኞች እንደጻፉት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የወረደው የቴዎድሮስ ሠራዊት ብዙው የያዘው ባለ ቆብ ጠመንጃ (በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኮስ) ነው፤ በተለይ ባለ ሁለት አፈሙዝ። በክር እሳት የሚተኮስም ነበረበት። እነዚህ ሁሉ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ናቸው። ስናይደር የተባለው የእንግሊዞቹ ጠመንጃ ግን ከኋላ ስለሚጎርስ ቶሎ ቶሎ ይተኮሳል። ያን ቀን ከቴዎድሮስ ወገን ብዙ ሰው ያስፈጀውም በተለይ ይሄ ፍጥነት ነው።

ሁለቱን ቃታ በዓይን መለየት ቀላል ነው። የባለ ባልጩቱ መዶሻ ድንጋይ ነክሶ ይይዛል። ፊት ለፊቱ ድንጋዩ የሚጭረው ብረት፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የባሩድ ሳህን አለ። ባለ ቆቡ ይህ ሁሉ የለውም። መዶሻው ባዶውን ወርዶ፣ በርሜሉ መጨረሻ ላይ በቆመች ቀዳዳ ቱቦ የተሰካችውን የመዳብ ቆብ ይመታል።

ባለ ባልጩቱን ወደ ባለ ቆብ ለመለወጥ «መዶሻውን ብቻ ቀይሩት» የሚለው ምክርም አያዋጣም። ሳህኑና የሚጫረው ብረት መነሳት አለባቸው፤ ቱቦዋም በርሜሉ ላይ መበጀት አለባት። ባለ ባልጩት ያዘዛችሁ ካላችሁ ሰደፉ ሳይፈለፈል አስቀይሩት። እንጨቱ አንዴ ከተፈለፈለ ሌላ ቃታ ልክ አይገባለትም። ባለ ሁለት አፈሙዝ ለምትሠሩ ደግሞ የቀኝና የግራ ቃታ ለየብቻ ነው የሚታዘዘው።