መረጃው ከመዋሃዱ በፊት ይለካ

ስለ ጎንደር የሚጽፉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፦ የአስጎብኚዎች፣ የሆቴል ማስያዣዎች፣ ዊኪፒዲያ፣ ማንም የሚያርመው ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ። ከእነዚህ አንድ የከተማ ማውጫ ሊሠራ የሚነሳ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው፣ አብዛኞቹ ገጾች የተስማሙበትን መውሰድ ነው። ይህ አሠራር ሊቀር ይገባል። አራት ገጾች ከአንዱ ገልብጠው ከሆነ የአምስቱ ድምፅ አንድ ድምፅ ነው። ቅጂነቱን የሚያጋልጠው የጋራ ስሕተት ነው፤ እውነቱን ሁሉም በየራሱ ሊያገኘው ይችላል፣ ያው የፊደል ግድፈት ሁለት ቦታ ከታየ ግን አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከሦስተኛ ሳይወስዱ አልቀሩም።

በእኛ መረጃ ላይ የከፋው የዘመን አቆጣጠር ነው። የጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪ የተመዘገበበት ቆጠራ በእኛ 1999፣ በአውሮፓውያን 2007 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሳይለይ ከተዋሃደ አንዱ ቆጠራ ሁለት ይሆናል፤ ከተማዋም ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ያልጨመረባት ትመስላለች። «3:00 ይከፈታል» የሚለውም ጠዋት ይሁን ሌሊት አይታወቅም። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቢቀያየሩ (12.6 እና 37.47) ጎንደር ሲሲሊ አጠገብ ባሕር ውስጥ ትገባለች፤ ይህኛው እንኳ ካርታ ላይ ወዲያው ይታያል።

ስምም ያስቸግራል። ጎ እና ጐ፣ ሥ እና ስ ለማመሳሰያ ብቻ ወደ አንድ ፊደል ይመለሱ፤ ለአንባቢ የሚታየው አጻጻፍ ግን አይነካ። የጎንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ብርሃን ሥላሴ በስም ብቻ ከተፈለገ ሸዋ ካለችው ደብረ ብርሃን ጋር ይደባለቃልና የቦታ ርቀትም ይታይ።

ታዲያ እንዴት ይለካ? ከየምንጩ 50 መዝገብ በዕጣ አውጥቶ በስልክና በእግር ማረጋገጥ ነው። ውጤቱ ለድረ ገጹ በጥቅሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዓምድ ይሰጥ። አንድ ገጽ በስልክ ቁጥር 45 አግኝቶ በመክፈቻ ሰዓት 20 ላይ ቢቀር፣ ስልኩን መውሰድ፣ ሰዓቱን መተው ነው። ሁለት ምንጮች እኩል ከሆኑ በቅርብ የታደሰው ይቅደም። የትኛውም ምንጭ ካላስተማመነ ቦታው ባዶ ይተው፤ ባዶ ቦታ ያየ እንግዳ ደውሎ ይጠይቃል፣ የተሳሳተ ሰዓት ያየ ግን ከተዘጋ በር ይደርሳል።

ከየዋጋው አጠገብ ምንጩና የተወሰደበት ቀን ይቀመጥ። ጥምቀት ሲቃረብ የመኝታ ዋጋ ስለሚለወጥ፣ የዋጋው ልኬት ቢያንስ በታኅሣሥ እንደገና መሠራት አለበት።