ለሰኞ ጀማሪዎች የቀረበ ውዳሴ

ሐዋሳ የምትመሰገንበት ነገር አጥታ አታውቅም። ሐይቋ ይመሰገናል፣ ዓሣዋ ይመሰገናል፣ የመንገዶቿ ጥላ ይመሰገናል። እኔ ዛሬ ማንም ያላሰባቸውን ላመሰግን ነው። የሰኞ ጀማሪዎቿን።

የሰኞ ጀማሪ ማለት ቦርጩን ሊያጠፋ ቆርጦ የተነሳ፣ ነገር ግን ከሰኞ ውጭ በሌላ ቀን መነሳት የማይሆንለት ሰው ነው። ሐሙስ ከወሰነ እስከ እሁድ ያሉት ቀናት የስንብት ናቸው። ከጥሬ ሥጋው ጋር ይሰናበታል። ከጥብሱ ጋር ይሰናበታል። ከኬኩ ጋር ሁለት ጊዜ ይሰናበታል። አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ እንኳ እንዲህ አይሸኝም። ሰኞ ይጀምራል። ማክሰኞ የሥራ ባልደረባው ልደት ይሆናል። «እንግዲህ ይሄ ሳምንት ተበላሽቷል» ይልና ለሚቀጥለው ሰኞ ያሳድረዋል። አንድን ነገር በዓመት 52 ጊዜ የሚጀምር ሰው ሰነፍ ይባላል? በጭራሽ።

ላለመዋሸት፣ እኔም ከማኅበሩ ነኝ። ራስን ማመስገን ነውር ስለሆነ በብዙ ቁጥር እቀጥላለሁ።

ደግሞ ለመጀመር እንደ ሐዋሳ የተመቸ ከተማ የት አለ? መስከረም 1 እንጀምራለን። እሱ ካለፈን የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አለ። እሱም ካመለጠን ፍቼ ጫምባላላ ይመጣል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፈረንጆቹ 2015 ዩኔስኮ የመዘገበው። ሦስት አዲስ ዓመት በአንድ ከተማ! ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ ፊታችን ቀርቦ እንዴት ይጀመራል ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ሰኞ የተፈጠረችው ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሞልቶናል። የመቀጠያ በዓል ግን እስካሁን የትም አልተመዘገበም።

ዋናው ትርኢታችን ያለው እሁድ ጠዋት ነው። እሁድ ማሟሟቂያ ናት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ብትመጡ ታዩናላችሁ። አዲስ ቱታ፣ አዲስ ስኒከር፣ ክንድ ላይ የታሰረ ስልክ። የመጣነው በባጃጅ ነው። ለወክ የሚሄድ ሰው በእግሩ ሄዶ መድከም የለበትም። ባጃጆቹ ሳይበዙ ይህ ሕዝብ በብስክሌት ይሄድ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ፔዳሉ ቀላል ነው፣ ጉልበት አይበላም ይላሉ። እኛ ግን ሠልጥነናል። ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤት ያለውን መንገድ እንኳ ለባጃጅ ሰጥተን፣ እግራችንን ለእሁድ እናስቀምጣለን።

በር ላይ የሚዛን ልጅ አለ። መሬት ላይ ሚዛኑን አስቀምጦ «ይመዘኑ ጋሼ» ይላል። ጫማዬን አወልቃለሁ። ስልኬን፣ ቁልፌን፣ ቦርሳዬን አስይዘዋለሁ። ትንፋሼንም ወደ ውስጥ እስባለሁ፤ ምን እንደሚረዳ አላውቅም፣ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። 86.4። «ዛሬ ይወርዳል» እለዋለሁ። ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ብሩን ይቀበላል።

ከዚያ ወክ ነው። ወክ ስንል ግን አትቸኩሉ። አሥር እርምጃ ተሄዶ ሰላምታ አለ። የሐዋሳ ሰላምታ ደግሞ የእናትን፣ የልጆችን፣ የሥራን፣ የኑሮ ውድነትን ሁኔታ ሳይጠይቅ አያልፍም። ቀጥሎ ፎቶ ነው። ሐይቁ ከኋላ፣ እኛ በግማሽ ቁጭ ብድግ ላይ። ፎቶው ላይ የምንወርድ ይመስላል። የምንነሳበትን ማንም አላየውም። 40 ደቂቃ ቆይተን ግማሹን ብንራመድ ነው። በዚያ ላይ ላብ የለም፤ የሐይቁ ንፋስ ደግ ነው።

እንግዲህ ሥራ የሠራ ሰው ይራበዋል። ወደ አሞራ ገደል።

አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ያለውን የማያውቅ ሰው ሐዋሳን አያውቅም። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ ዓሣውን በቢላ እየገፈፉ ሆዱን ይወረውራሉ። ትልልቆቹ አሞራዎች፣ ጡረታ እንደወጡ ዳኞች አንገታቸውን ቀብረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቆሮሶው ዳር ለዳር ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል። ያ ድምፅ! የሰኞን እቅድ ሁሉ የሚያስረሳ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሹክሹክታ ልንገራችሁ። ዓሣው ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም። ከ100 ግራም ጥሬ ቆሮሶ የሚገኘው ጉልበት ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 20 ግራም የሚሆነው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ከአጠገቡ የሚቀርበው የዓሣ ሾርባ ሆድ ይሞላል እንጂ ቦርጭ አይሞላም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ቆሮሶው ደግሞ በማንኪያ አልተጠበሰም፤ ዋኝቶ ነው የወጣው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳው ላይ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባታልፉ ይመረጣል ይላል። አንድ ጠርሙስ ጠጥተን የዛሬውን ጨርሰን፣ ከነገው ተበድረናል ማለት ነው። በፍጥነት የተራመደ ጎልማሳ በግማሽ ሰዓት የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው። እኛ በፍጥነት አልተራመድንም። እኛ እየተሳሳቅን ነበር።

ነገር ግን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዓሣ አይጣፍጠውም። «ዛሬ ወክ አድርገናል እኮ» ይላል አንዱ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ዓሣ ያስመጣል። ደግሞ ጉርሻ አለ። «በሞቴ» ተብሎ የተጠቀለለ ጉርሻ በየትኛው ሳይንስ ይመለሳል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏል፤ እኛ ሰላም ወዳዶች ነን፣ ሁለተኛውን እንጨምራለን።

ስንመለስ ልጁ እዚያው አለ። ተመዘንኩ። 87.7።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት።

«ሚዛኑ ደህና ነው ጋሼ። ዓሣው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ኪሎ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብና ውሃ እንጂ በአንድ ጠዋት የበቀለ ጮማ አይደለም። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ በኪሎ ቢወጣና ቢወርድ አያስደንቅም። ይህንን ግን አንፈልገውም፤ ምክንያቱም ሲወርድም ያው ነው ማለት ነው። በእንፋሎት ቤት ግማሽ ሰዓት ተቀቅለው ሲወጡ አንድ ኪሎ ጎድሎ የሚያገኙት ወንድሞቼ፣ ያ ኪሎ ላብ መሆኑንና ሁለት ጠርሙስ ውሃ እንደሚመልሰው ከነገራችኋቸው ወዳጅነታችሁ ያበቃል።

የሚያከሳውን ሻይ ሳላወድስ ብቀር ደግሞ ግፍ ነው። በቲክቶክ ይሸጣል፣ በሞተር ይመጣል። ፓኬቱ ላይ ወገቧ በመዳፍ የሚያዝ ሴት አለች። ከእንዲህ ዓይነቱ ሻይ ብዙው ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ አያቶቻችን ሆድ ሲደርቅ የሚጠጡት ቅጠል። ይሠራል ወይ? እንዴታ! ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። የበላነው ምግብ ቀድሞ በቀጭኑ አንጀት ተመጥጧል፤ ሻዩ የሚደርሰው ዘግይቶ ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ስለዚህ ጮማው ቤቱ ተቀምጦ ውሃውና እንደ ፖታሲየም ያለው ጨው ይወጣል። ሲበዛ ልብን ሊያውክ ይችላል። ግን ጠዋት ሚዛን ላይ ቁጥሩ ወርዷል። ቁጥሩ ከወረደ ደግሞ ማን ይጠይቃል?

የአጎቴ ልጅ ጥር ላይ ልታገባ ሁለት ሳምንት በሎሚ ውሃና በኪያር ብቻ ቆየች። አምስት ኪሎ ወረደች፣ አጨበጨብን። ሰውነት ሲራብ አስቀድሞ የሚያወጣው ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ሚስጥሩ ይኸው ነው። ከዚያ ጡንቻም መሄድ ይጀምራል። በሠርጉ ቀን ቬሎው ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ፎቶው ላይ ታምራለች። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ መልስና ቅልቅል ነበር። መጋቢት ላይ አምስቱ ኪሎ ተመልሷል፣ ብቻውን እንዳይመጣ ሁለት እንግዳ ይዞ።

ጂሙን በአጭሩ ላልፈው። የሦስት ወር ከፍለን ዘጠኝ ቀን እንሄዳለን። ለባለቤቱ ከዚህ የበለጠ ደግነት የለም። የከፈልን ሁላችን አንድ ቀን ብንመጣ መቆሚያም አይገኝ።

አሁን ውዳሴዬን የሚያበላሹ ሰዎች ላይ ልምጣ። አከራዬ ናቸው።

አከራዬ እትዬ፣ ከአራት ዓመት በፊት «ስኳርዎ ጫፍ ላይ ነው፣ ክብደት ይቀንሱ» ተባሉ። ሰኞን አልጠበቁም። በተነገራቸው ቀን፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ ከጤና ጣቢያው በእግራቸው መጡ። ጅማሬያቸው ይኸው ነው። ፎቶ የለውም፣ ቱታ የለውም። በነጠላ ጫማ።

ከዚያ ያደረጉትን ስነግራችሁ ይቅርታ፣ አሰልቺ ነው። ዘይት ከጀሪካን ወደ ድስት ማንደቅደቁን ትተው በማንኪያ ይለካሉ። ሁለት እንጀራ ይበሉ የነበሩት አንድ ሆነ። ጎመኑና ምስሩ በዛ፣ ሽሮው አልቀረም። ቡናቸው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ምንም። ይህን ለማድረግ ወራት ፈጀባቸው። ገበያ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ፣ ዘንቢሉን ይዘው። በዓል ሲመጣ ዶሮውን ይበላሉ። በማግስቱ ወደ ምስሩ ይመለሳሉ። እኛ ብንሆን አንዴ ዶሮ ከበላን ያ ወር አለቀለት።

ስንት ቀነሱ? በዓመት ስድስት ኪሎ። በዓመት! እኛ በሻይ በሦስት ቀን የምናመጣውን። ሐኪሞች እንኳ ሲፈቅዱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይላሉ፤ እሳቸው ከዚያም ቀስ አሉ። የሚያናድደው ግን ስድስቱ ኪሎ አለመመለሱ ነው። ስኳራቸውም ከጫፉ ወርዷል።

የሰፈሩ ሰው ግን ዝም አላላቸውም። ተመስገን፣ ሰው አለን። «ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» «ፊትዎ ጠቆረ።» «ልጆቹ አስቸገሩ?» አንዷ ጎረቤት ጭራሽ ገንፎ በቅቤ ይዛ መጣች። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፣ የከሳ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ተንከባካቢ ሕዝብ መሐል ከስቶ መቆየት ምን ያህል ልበ ደንዳናነት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ፈረንጆችም እንደ አከራዬ ያሉ ሰዎችን ሲያጠኑ ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ በራሳቸው አቆጣጠር በ1994 አንድ መዝገብ ከፍተው፣ ከ13 ኪሎ በላይ ቀንሰው ቢያንስ ዓመት የቆዩ ሰዎችን ይመዘግቡ ጀመር። ምን አገኙ? አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ፣ በየጊዜው ይመዘናሉ። በቃ! በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፤ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረበ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ። ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሱት ክፍሎች፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 58 በመቶ ቀነሰ። ሰባት በመቶ ማለት ለ80 ኪሎ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ ከቤቴ ገበያ ደርሶ መልስ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከሚያወጡ አከራዬን በአንድ ስኒ ቡና ቢጠይቋቸው ይነግሯቸው ነበር። ያለ ስኳር ቡና።

አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ሚስጥሩ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አስበው «የቱ?» አሉኝ። ረስተውታል! አንድ ሰው ክብደት መቀነሱን የሚረሳ ከሆነ፣ ስለ ምን ሊያወራ ነው ከሰው ጋር የሚቀመጠው?

ያለፈው እሁድ እንደ ልማዳችን ፍቅር ሐይቅ በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ አከራዬ በዚያ አለፉ። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፣ በእግራቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። የሚዛኑ ልጅ ቀና ብሎ አያቸውና «እንደምን አደሩ እማማ» አለ። «ይመዘኑ» አላላቸውም።

«ለምን አልጠራሃቸውም?» አልኩት።

«እሳቸው በወር አንዴ ናቸው ጋሼ። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ አይለወጥም። ለሥራ አይሆኑም።»

ሚዛኑን በእጁ ጠረገና ከእግሬ ሥር አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ለእርስዎ እንደ ሁልጊዜው ሁለቱንም ልያዝልዎት? ከዓሣው በፊትና ከዓሣው በኋላ?»