ጥንድ አስ ይዞ የተበላ ሰው

«ጥንድ አስ ይዤ እኮ ነው የተበላሁት!»

እንደምን አደርክ የለ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ የለ። ይህ ወዳጄ ቅዳሜ ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንዱ ጓደኛችን ቤዝመንት ውስጥ በፖከር ተበልቶ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይነግረኛል፤ ሰኞ በሥራ ሰዓት ደውሎ ይደግምልኛል። ነገሩ ሲሆን አጠገቡ ተቀምጬ እንደነበር ጨርሶ ረስቶታል።

አልክድም፣ በቴክሳስ ሆልደም፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ታድሎ ጠረጴዛው ላይ የሚወርደው የሁሉም በሆነበት ፖከር፣ ጥንድ አስ የሚደርሰው ካርታ 221 ጊዜ ሲታደል አንዴ ያህል ነው። አንድ ተጋጣሚ ብቻ ካለህ ከመቶ 85 ያህሉን ታሸንፋለህ። ዘጠኝ ሰው እስከ መጨረሻው ከተከተለህ ግን ዕድልህ ወደ 31 ይወርዳል። እኛ ቤዝመንት ደግሞ ካርታ መጣል ነውር ይመስል ሁሉም «እስቲ ልየው» እያለ ይገባል። ጠረጴዛው ላይ 7፣ 9 እና 10 ወረዱ፤ ሦስቱም ቀይ ልብ። የሱ አሶች ሁለቱም ጥቁር። ማታውን ሙሉ ካርታቸውን እየጣሉ ቆሎ ሲቆረጥሙ ያመሹት ጋሼ፣ ቆሏቸውን ገሸሽ አድርገው ቺፓቸውን በሙሉ ወደ መሀል ገፉ። ሁለት ቀይ ልብ የያዘ ሰው ከጠረጴዛው ጋር አምስት ይሞላለታል፤ አምስት ቀይ ልብ ደግሞ ጥንድ አስን ይበላል። ሃይማኖት ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጥላል። የኛ ሰውዬ የካርታዎቹን ጫፍ በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ከደነ። ደግሞ ገለጠ። አሶቹ የትም እንዳልሄዱ ሲያረጋግጥ «ኦልኢን!» ብሎ ያለውን ሁሉ አስያዘ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ይህን ተረት ነፍሴ እስኪጠፋ እወደዋለሁ፤ ያወጣው ሰው ግን አበሻ ካርታ ሲጫወት አላየም። እኛ እጅ ውስጥ የገባ ወርቅ ዓይናችን እያየ መዳብ ቢሆን እንኳ ወርቅ ነው ብለን እንሟገታለን።

ሙግት ካነሳን አጎቴ አሉልኝ። ከአባታቸው የወረሱት፣ ማኅተሙ የደመቀ የወሰን ማስረጃ ነበራቸው። ጎረቤታቸው ሽማግሌ ልኮ እንታረቅ ቢላቸው «ማስረጃ ይዤ?» አሉ። ተረቱ። ይግባኝ አሉ፤ እንደገና ተረቱ። ለእኔ ደብተርና ጫማ መግዣ የታሰበው ወይፈን ለጠበቃ ሄደ። ቦራ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ዛሬም ይታየኛል። የተካሰሱበት መሬት ደግሞ ጥማድ በሬ እንኳ አያዞርም! ልጅ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት እየሄደ ይግባኝ የሚባለው ለማን ነው? እርግጥ ድሮም በእሰጥ አገባ ሙግት አንዱ «በበቅሎ!» ሲል ሌላው «በፈረስ!» የሚል ሕዝብ ነን። ሬይዝ ማድረግን፣ ማስያዣውን ከፍ ማድረግን፣ ላስ ቬጋስ አላስተማረንም።

ወደ ፖከሩ ልመለስ። አሜሪካዊው የፖከር ተጫዋች ዶይል ብራንሰን የዓለም ፖከር ሻምፒዮናን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በተከታታይ ሲወስድ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻውን ጨዋታ ያሸነፈው 10 እና 2 ይዞ ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ካርታ! በ1976 ተጋጣሚው የያዘው አስና ጄ ነበር። እሱም ሰኞ ለጓደኛው ደውሎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ጋሼማ ሁለት ቀይ ልብ ይዘው ነበር፣ ሌላ ምን ሊይዙ! ቺፑን በሁለት እጃቸው እየሰበሰቡ፣ «ልጄ፣ አስ መያዝህንማ ገና ካርታው ሲታደል አውቄያለሁ፤ ሻይህን አስቀምጠህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥክ» አሉት።

ሲተርክ ይህችን ሁሌም ይዘላታል።